የከበሮው አሥረኛ ጆሮ

«ይሄ ጥይት አይደለም» አለች ዐዎ፣ ከበሮው ላይ ያለውን ጠባሳ እያሳየች። «ይሄ የአያቴ ግመል ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መሠረት ግን አልሳቀችም። ከበሮውን ከዐዎ እጅ መንጭቃ ወሰደችው።

«አባቴን ውሸታም ልትዪው ነው?»

«እኔ ምን አልኩ? ጆሮውን እዪዋ አቦ! ዓይን የለሽም?»

«ሸሽቶ የተመለሰ ሁሉ ‹የኔ ነበር› ይላል» አለ አንድ ልጅ ከኋላ። ሳቁ ተደገመ። በጦርነቱ ጊዜ ከቤተሰቧ ጋር ሸሽታ የተመለሰችው ሶማሌዋ ዐዎ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ቦታዋ ሄደች።

በገመድ የሚወጠር የድሮ የወታደር ከበሮ ነው፤ የናስ ቀፎ፣ ከላይና ከታች ቆዳ፣ በዙሪያው ሽቅብ ቁልቁል የሚመላለስ ገመድ። ገመዱን እየጨመቁ የሚያጠብቁ አሥር የቆዳ ቁራጮች አሉት፤ ተማሪዎቹ ጆሮ ይሏቸዋል። ዘጠኙ ጥቁርና ስስ ናቸው። አሥረኛው ወፍራምና ቡናማ ሆኖ ጠባሳ አለበት፤ አንድ ጭረት፣ ከአናቱ አንዲት ነጥብ።

ያን ጠባሳ ጅጅጋ ውስጥ የማያውቀው የለም። የመሠረት አባት፣ የሃምሳ አለቃ ኃይለጊዮርጊስ፣ ከተማዋ ከሶማሊያ ጦር እጅ የወጣችበት የካቲት ሃያ ስድስት በመጣ ቁጥር ጣቱን እዚያ ላይ ያሳርፍና «ካራማራ ላይ ከጠላት ስማርከው ጥይት የጨረፈው ነው» ይላል። ይጨበጨባል። ዘንድሮ፣ በ1977፣ ድሉ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። የታሪክ አስተማሪው መምህር አምሀ ለትምህርት ቤቱ የድል በዓል ኤግዚቢሽን ከቤቷ የመጣውን ከበሮ አመጣጥ አጥንታ በካርቶን ላይ እንድትጽፍ መሠረትን አዘዟት።

«ከሥሩ ስምሽን ትፈርሚያለሽ» አሏት። «ለጻፍሽው ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።»

ቅዳሜ ጠዋት መሠረት የግመል ገበያ ሄደች። እውነት ፍለጋ አልነበረም፤ ዐዎን ለማሳፈር ነበር። ገና ከመግባቷ ግን አንድ ግመል አንገቱን ወደ እሷ አዞረ። አንገቱ ላይ ጠጉር ያልበቀለበት አንድ ጭረት፣ ከአናቱ አንዲት ነጥብ። ልጓሙን የያዘችው ዐዎ ነበረች።

«ሱማድ ነው» አለች ዐዎ፣ አገጯን ቀስራ። «በጋለ ብረት ይተኮሳል። ጭረቱ የጎሳችን ነው። ነጥቧ የአያቴ ብቻ ናት። እናንተ ደጋ ላይ ለበሬ ይሄ የለም መሰለኝ፤ ጥይት ትሉታላችሁ!»

አጠገቧ የቆሙት አያቷ ዋበሪ፣ መሠረት የማን ልጅ እንደሆነች ሲነገራቸው ለሰላምታ የዘረጉትን እጅ መልሰው ሰበሰቡ።

«አባትሽ የከበሮውን ገመድ ያላላዋል?» ሲሉ ጠየቁ፣ በገበያ በለመዱት አማርኛ። «ወይስ እንደተወጠረ ነው የሚያስቀምጠው? እንደተወጠረ ከተቀመጠ ቆዳው ይሞታል።»

በእንግሊዞች አስተዳደር ጊዜ የፖሊስ ከበሮ መቺ ነበሩ። እንግሊዞቹ ሲወጡ ቀፎው የተሰነጠቀ፣ አንድ ጆሮው የተበጠሰ ከበሮ ጥለው ሄዱ። እሳቸው አንስተው ከሞተች ግመላቸው ቆዳ ጆሮ ሠሩለት፤ ስንጥቁን ደግሞ ከውስጥ በሻይ ቆርቆሮ ለበዱት።

«ቀፎው ላይ የአየር ቀዳዳ አለ። በእሱ እዪ። ዝሆን ታያለሽ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?»

«ለማን ልናገር? ጠመንጃ ለያዘው አባትሽ?»

ሰኞ፣ ተማሪው ለእረፍት ሲወጣ፣ መሠረት የእጅ ባትሪ ይዛ በቀዳዳው አጮለቀች። ኩምቢውን ዝገት የበላው ዝሆን ከሻይ ቆርቆሮው ላይ አፈጠጠባት። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አሥሩንም ጆሮዎች አንድ በአንድ ገፍታ ገመዱን አላላችው።

አባቷን ቤት ስትደርስ ጫማውን ሲወለውል አገኘችው።

«አባዬ፣ ከበሮው ውስጥ ምን አለ?»

«ምን ይኖራል? አየር ነዋ።»

«ዝሆን አለ። ባለቤቱ ነው የነገረኝ።»

ብሩሹ ቆመ።

«ቤቱ ክፍት ነበር» አለ። «ማንም አልነበረበትም። ድስቱ እንኳ ምድጃ ላይ ነበር።»

«ድስቱን ጥሎ የሸሸ ሽማግሌ ነው ጠላት?»

ጫማው ግድግዳውን መታው። «እኔ ካራማራ ላይ ስንት ጓድ ቀብሬያለሁ! አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«መዋጋትህን ማን ካደ? ከበሮውን ግን እዚያ አልማረክኸውም።»

«ካርቶኑን አምጪ! እኔ እንደምልሽ ትጽፊያለሽ። አለዚያ አባት አለኝ እንዳትዪ!»

እንዳለው ጻፈች። አልፈረመችም። አንጀቷን ያሳረራት ዝርፊያው ብቻ አልነበረም። ይህ ሰው በእርግጥ ተዋግቷል፤ በእርግጥም ቆስሏል። ጭኑ ላይ የራሱን ጠባሳ ይዞ የግመል ጠባሳ መዋስ ምን የሚሉት ነው?

የካቲት ሃያ ስድስት ጠዋት በኤግዚቢሽኑ ክፍል ውስጥ ዐዎ ብቻዋን አግዳሚ ወንበር ትደረድር ነበር።

«ያን የጥይት ተረት ይዘሽ መጣሽ?» አለች ዘወር ሳትል።

መሠረት አባቷ ያስጻፋትን ካርቶን ከበሮው አጠገብ አኖረችና ገልብጣ ነጩን ጎን ወደ ላይ አደረገችው።

«የአያትሽ ሙሉ ስም ማን ነው?»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«እንዳልሳሳት።»

ዐዎ ካርቶኑን አየች። እሷንም አየቻት። «ከዛሬ ጀምሮ ጓደኛሞች ነን እንዳትዪ ብቻ።»

«አልልም። ስሙን ንገሪኝ።»

በዚህ ጊዜ ከውጭ የወታደር ጫማ ጠጠሩን እየቀጠቀጠ ሲመጣ ተሰማ። ያን የአባቷን እርምጃ መሠረት ከሺህ ትለየዋለች፤ ግራው ትንሽ ይጎተታል።

«ዋበሪ» አለች ዐዎ በፍጥነት። «ዋበሪ ዐብዲኑር።»

በሩ ሲከፈት መሠረት «የዋበሪ ዐብዲኑር ከበሮ» ብላ ጽፋ ከሥሩ የራሷን ስም እየፈረመች ነበር። ቀና አላለችም።