ዘግቼላችኋለሁ

የምነግራችሁ ነገር በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው...

ሌሊት አልነበረም። ቀትር ላይ ነው፤ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ በገዛ መኝታ ቤቴ ውስጥ።

ነርስ ነኝ። ሌሊት ሠርቼ ቀን ነው የምተኛው። ስለዚህ ቤታችንን በድምፅ የሚታዘዝ ዘመናዊ ቤት ስናደርገው፣ ባሌ መጋረጃ የመምረጡን ነገር ለእኔ ተወው።

እሱ የወደደው ስስ የጨርቅ መጋረጃ ነበር። እኔ ግን ብረቱን መረጥኩ። በሞተር እየተዘረጋ የሚወርድ፣ መስኮቱንም የውጭ በሩንም ግጥም አድርጎ የሚዘጋ ነው። ቅንጣት ብርሃን አያስገባም።

"አልከፈትም ያለ ቀንስ?" አለኝ ባሌ።

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። እንቅልፍ የተራበ ሰው ምክር ይሰማል?

መጋረጃውን የገጠመልን ባለሙያ ጨዋታ አዋቂ ነበር። ሥራውን ሲጨርስ "ይኼ ቤት ሰዋስው ያውቃል" አለን እየሳቀ። "ውስጥ ያለውን ሰው በትንፋሽ ይቆጥራል፤ ወንድና ሴትም ይለያል። ብቻሽን ስትሆኚ 'ዘግቼልሻለሁ' ይልሻል። ሁለት ስትሆኑ 'ዘግቼላችኋለሁ'። አይሳሳትም።"

ያን ቀን ባሌ ሥራ ሄዷል። የምትተካኝ ነርስ ዘግይታ ቀትር ላይ ከሥራ ገብቼ በሩን ቆለፍኩ፤ አልጋዬ ላይ ዘፍ ብዬ "ዝጋ" አልኩ።

ብረቱ እየተንቋቋ ወረደ። ድቅድቅ ያለ ጨለማ ሆነ።

"ዘግቼላችኋለሁ" አለ ቤቱ።

እንቅልፌ በአንዴ ጠፋ...

ላችኋለሁ?

ተሳስቶ ነው አልኩ ለራሴ። ዕቃ አይደል?

"ክፈት።"

ብረቱ ስንዝር ያህል ተነሳ። ብርሃን ወለሉ ላይ ገባ።

ቆመ...

ተመልሶ ወረደ።

"ክፈት አልኩህ!"

"አንዳችሁ ክፈት፣ አንዳችሁ ዝጋ ትሉኛላችሁ" አለ ቤቱ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። "እባካችሁ ተስማሙ።"

እኔ ከራሴ ድምፅ ሌላ የሰማሁት ነገር የለም። ምንም!

ግድግዳውን እየዳበስኩ ወደ ውጭ በሩ ሄድኩ። እዚያም ብረቱ ወርዷል። በቡጢ ደበደብኩት፤ ንቅንቅ አላለም። መርጬ ያስገጠምኩት እኔው ነኝ፤ ጠንካራ ይሁን ያልኩትም እኔው።

ባሌ ጋ ደወልኩ።

"ና... ቶሎ ና።"

"ምን ሆንሽ? ለምንድን ነው የምታንሾካሹኪው?"

"ሰው አለ።"

"የት?"

"እኔ ጋ..."

ስልኩን ዘግቼ ጀርባዬን በሩ ላይ ለጥፌ ቁጭ አልኩ። የት እንዳለሁ እንዳይሰማ ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።

ከዚያ... በጣም በቀስታ...

"እሺ። ዘግቼልሃለሁ።"

ልሃለሁ! እኔ መተንፈስ ሳቆም ቤቱ የቆጠረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ወንድ።

እንዴት እንዳልሞትኩ አላውቅም። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ ብረቱን ከውጭ በእጅ የሚያነሳው ማዞሪያ ሲንቋቋ ሰማሁ። ባሌ ነው! ብረቱ ጉልበት ድረስ ሲነሳ በሆዴ እየተሳብኩ ወጣሁ። ፀሐይዋን ሳይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

"በባዶ እግርሽ ነሽ እኮ" አለኝ። "ቆይ ጫማሽን ላምጣ።"

"ተወው! አትግባ!"

ገባ።

ቆየ... ጫማ ለማምጣት ከሚበቃው በላይ ቆየ። ስሙን እየጠራሁ ጮህኩ።

በመጨረሻ ጫማዬን አንጠልጥሎ ወጣ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

"ማንም የለም" አለኝ።

እፎይ አልኩ። እጁን ይዤ ወደ መኪናው ሄድን። የፊቱን በር ከፈተልኝ።

ከዚያ ዞሮ የኋላውን በር ከፈተ።

በትከሻዬ ላይ አሻግሮ እያየ ፈገግ አለ።

"ግቡ እንጂ" አለን።