ተዝካሩ የተበላለት ወታደር

«ቆርኪውን እንደ እንቁላል ታቀፍሽው እኮ። ተጫወቺ እንጂ» አሉ ጋሽ ባንቴ።

ኻሊዳ የለስላሳ ቆርኪዋን ካርቶን ላይ በተሰመረው ዳማ ላይ አስቀመጠች፤ የት እንዳስቀመጠችው ግን አላየችም። ሐሳቧ ኪሷ ውስጥ ካለው ስልክ ጋር ነበር። ጠዋት ክፍል ውስጥ እያለች የገባውን የድምፅ መልእክት ለጋሽ ባንቴ ማሰማት ነበረባት። አላሰማችም። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ደግሞ እየባሰባት ሄደ።

የጅቡቲ ከተማው ቡላኦስ ሰፈር በዚህ ሰዓት ጭር ይላል። ከቀትር እስከ ዐሥር ሰዓት ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ ይተኛል። ጨርቅ ነጋዴው አባቷም ተኝቷል። እናቷ አያቷን ልታስታምም ድሬዳዋ ከሄደች ስድስት ወሯ ነው። የክፍሏ ልጆች ፈረንሳይኛውን ከሶማሊኛው እያቀላቀሉ ይቀልዳሉ፤ ቀልዱ ለኻሊዳ እስኪገባት ሌላው ስቆ ጨርሷል። ቀኑን ሙሉ የምታወራው ሰው የአባቷ መጋዘን ዘበኛ፣ ጋሽ ባንቴ ብቻ ናቸው። ብቸኝነቱ ቀለል የሚላት እዚህ የመጋዘኑ በር ላይ ነው።

ጋሽ ባንቴ ወታደር ነበሩ። በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተን ከአሰብ በእግራቸው ወጥተው ጅቡቲ ገቡ፤ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነበር። መጀመሪያ «ነገሩ ይረጋጋና እመለሳለሁ» አሉ። ቀጥሎ «ባዶ እጄንማ አልገባም» አሉ። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ፀጉራቸው ነጣ። ጎጃም ያሉት ዘመዶቻቸው ደግሞ ሞቷል የሚል ወሬ ደርሷቸው አለቀሱ፣ ቄስ ጠርተው፣ ደግሰው፣ ተዝካራቸውን አወጡ። ጋሽ ባንቴ ይህን ከአንድ የአገራቸው ሰው የሰሙት አምና ነው።

«ተዝካሬ እኮ ተበልቷል» ይሏታል እየሳቁ። ሲስቁ ግን ቀና ብለው አያዩዋትም።

እህታቸውን አበቡን አፈላልጎ ያገኘው ፀጋው ነው፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር። ጋሽ ባንቴ የያዙት አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ ስለሆነ መልእክቱ በኻሊዳ በኩል ይመጣል። አገር የሚገቡበትን ወረቀት ለወራት ደጅ ጠንተው አግኝተዋል፤ የሚያገለግለው ግን እስከ እሑድ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው።

«ፀጋው ደወለ?» አሉ፣ እንደ ሁልጊዜው።

«አልደወለም።»

ውሸት አልነበረም፤ አልደወለም። ቢሆንም ፊቷ ጋለ።

«ሦስት መብላት ስትችዪ ተውሽኝ» አሉ ዳማውን እያዩ። «ምን ሆነሻል ልጄ?»

ኻሊዳ ስልኩን አወጣችና ከፈተችላቸው።

«ኻሊዱ ጀለሴ» አለ የፀጋው ድምፅ፣ «ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት ፔካ 12፣ የከባድ መኪናዎቹ ማቆሚያ ነኝ። ወረቀታቸውን ይዘው ይምጡ። የእህታቸውን ከሥር አሰሚያቸው።»

ቀጥሎ የሴት ድምፅ መጣ። «ወንድም ጋሼ፣ አንተ ነህ አሉኝ። እኔ ድምፅህን ሳልሰማ አላምንም። ተዝካርህን ሁለት በግ አሳርጄ አብልቻለሁ፤ የበላው ሁሉ ይመልስልኝ ልል ነው። ካንተ መርዶ በኋላ የተወለደውን ልጄን ምትኩ ብዬዋለሁ። አሁን ‹አጎቴ ከመጣ እኔ ማን ልባል ነው?› እያለ ያሾፍብኛል። አንተ ብቻ ና።»

ጋሽ ባንቴ የያዙትን ቆርኪ ዳማው ላይ አስቀመጡ።

«መቼ ነው የገባው?»

«ጠዋት» አለች ኻሊዳ። «ደብቄዎት ነው። እንዳይሄዱብኝ ብዬ።»

ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች።

«ደግ አደረግሽ» አሉ። «ፀጋውን ‹አላገኘኋቸውም› በዪው። አልቅሰው ወጥቶላቸዋል፤ ምትኬንም አሳድገዋል። አሁን ሄጄ ምን ልሁናቸው? እሑድ ወረቀቱ ያልፍና ይለይልናል። በይ፣ ጨዋታችንን እንጨርስ።»

ኻሊዳ የተመኘችውን አገኘች። ነገም ይህ በር አለ፣ ከነገ ወዲያም ይህ ዳማ አለ። ጥፋቷ እንኳ ይቅር ተብሎላታል። ደስ ሊላት ይገባ ነበር።

«እስቲ አንዴ መልሰሽ አሰሚኝ» አሉ ጋሽ ባንቴ።

አሰማቻቸው።

«አንዴ ደግሞ።»

በአምስተኛው፣ ድምፁ «ወንድም ጋሼ» ሲል የእሳቸው ከንፈርም አብሮ ተንቀሳቀሰ። ኻሊዳ አየች። ባታይ ኖሮ ይሻላት ነበር።

አውራ ጣቷን የድምፅ መቅጃው ላይ ተጫነችና ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጋች።

«ምንድን ነው?»

«ይናገሩ።»

«ተይ ልጄ። ምን ብዬ?»

ስልኩ ላይ ሰከንዱ ይቆጥራል። ዘጠኝ፣ ዐሥር፣ ዐሥራ አንድ። ጣቷን ወደ ጎን ብታንሸራትት ሁሉም ይጠፋል፤ ጋሽ ባንቴ ራሳቸው ያሉት ይሆናል። ክንዷ ዛለ። ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት። ጣቷን አላነቃነቀችም።

ጋሽ ባንቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አበቡ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተሰብሮ፣ «አበቡዬ፣ እኔ ነኝ። አልሞትኩም።»

ኻሊዳ ጣቷን አነሳች። መልእክቱ ለእህትየው እንዲደርስ ወደ ፀጋው ሄደ። ሐሳቧን ሳትቀይር ለፀጋው ጻፈችለት፦ «በአንድ ሰዓት እዚያ ይሆናሉ። እኔ ነኝ የማመጣቸው።»

ጋሽ ባንቴ ፊታቸውን በፎጣቸው ጫፍ ጠራርገው ወደ ዳማው ዞሩ።

«ተራው የማን ነበር?»

«የእርስዎ» አለች። «ይጫወቱ።»

ሱቆቹ እስኪከፈቱ ገና አንድ ሰዓት ነበራቸው።