ከወንበሩ አራት እርምጃ

አዛውንቱ ቆጣሪ ከማማው ግርጌ፣ ሐይቁን በሚያዋስነው ጠጠር ላይ በደረታቸው ተደፍተው ተገኙ። የርቀት መነጽራቸው አንገታቸው ላይ ነበር፤ ባዶ የምሳ ዕቃቸው በግራ ክንዳቸው ተንጠልጥሏል። ቀኝ እጃቸው የእጅ መቁጠሪያቸውን እንደ ጨበጠ ቀርቷል፤ ቁጥሩ 215 ይላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሐይቁን ተሻግረው የሚፈልሱትን ንስሮችና ጭልፊቶች ከዚህ ማማ ላይ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ዘሎ ነው?» አለች ልጃቸው፣ መርማሪዋን ገና ከመኪና ስትወርድ አግኝታ። የአባቷን መዝገብ የምትይዘው እሷ ነበረች። «ትናንት ተጣልተን ነበር። ‹በቃህ፣ ከእንግዲህ ቤትህ ተቀመጥ› አልኩት። እሱን ብቻ ንገሪኝ፤ ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ።»

«ገና አላወቅሁም» አለች መርማሪዋ። «ሳላውቅ ደግሞ አላጽናናሽም።»

የማማውን ሃያ ሁለት ደረጃዎች ወጥታ ስትጨርስ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆመች።

«መጀመሪያ መታሰር ያለበት ይህ ደረጃ ነው» አለች፣ ከኋላዋ ለወጣው የቆጠራ ጣቢያው ኃላፊ። እሱ ግን አልሳቀም።

ሳንቃው ላይ፣ የወንበሩ እግሮች በዓመታት ብዛት የቦረቦሯቸው አራት ጉድጓዶች ይታያሉ። ወንበሩ ግን ከቦታው ተነሥቶ ወደ ጣሪያው ጥላ ተጠግቷል። አሁን ካለበት ተነሥተው፣ በአቧራው ላይ አራት እኩል የሆኑ አጫጭር ዱካዎች ዕቃ በገመድ ወደሚጎተትበት የአጥሩ ክፍተት ይሄዳሉ። የክፍተቱ ሰንሰለት ተፈትቷል።

«ይህን ማን ፈታው?»

«ሦስት ሰዓት ላይ አዲሱን ቴሌስኮፕ ጎትቼ አወጣሁላቸው። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ቢሮዬ ነበርኩ፤ የበሩን መዝገብ ማየት ይቻላል።»

«ሰንሰለቱን መልሰህ ሰካኸው?»

ኃላፊው ወደ ሐይቁ ዞረ። «እሳቸው እኮ ማማውን ከኔ የበለጠ ያውቁታል» አለ በመጨረሻ።

የሟቹ ታናሽ ወንድም በመዝገብ ክፍሉ ውስጥ፣ አንድ አሮጌ ሻንጣ እግራቸው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል።

«ከሰባት ዓመት በፊት ቆጠራው ሳያልቅ ጥዬው ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም። ማማው ላይም አልወጣሁም።»

«ሻንጣውስ?»

«ሻንጣ መያዝም ወንጀል ሆነ እንዴ፣ እመቤቴ?»

መርማሪዋ ግድግዳው ላይ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለውን የድሮ የቆጠራ ወረቀት ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ከዚያ ልጅቷንና ኃላፊውን አስጠራች፤ የሟቹን መነጽርና ከማማው ያመጣችውን የዕለቱን የቆጠራ ወረቀትም ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ከዚህ መነጽር ልነሣ» አለች። «ክዳኑ አልተነሣም። ወፍ የሚቆጥር ሰው በተከደነ መነጽር ምን ያያል?»

ልጅቷ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «ዓይኑ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል» አለች። «እኔ አያለሁ፣ እሱ መቁጠሪያውን ይጫናል። ዛሬ መድኃኒቱን ላመጣ ከተማ ሄጄ ነበር።»

ወንድምየው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«እንግዲያው ማማውን የሚያውቁት በእግራቸው ነው» አለች መርማሪዋ። «ከጉድጓዶቹ እስከ ደረጃው ስንት እርምጃ ነው?»

«አራት። አብረን ነው የለካነው።»

«ዱካቸውም አራት ነው። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ እንደ ወትሮው የምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው ለመውረድ ተነሡ። ለመሞት የሚሄድ ሰው የምሳ ዕቃውን አይዝም፣ እርምጃውንም አይቆጥርም። አባትሽ አልዘለሉም። ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነበር።»

ልጅቷ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። መርማሪዋ እስክትረጋጋ ጠበቀቻት።

«ወንበሩ ግን ቦታው ላይ አልነበረም። አሁን ያለበት ስፍራ ጥላ የሚያገኘው ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ያነሣው ሰው ያኔ እዚያ ነበር። አንቺ አታነሺውም፤ አራቱን እርምጃ ታውቂያለሽ። ኃላፊው ሰንሰለቱን ረስቷል፤ በዚያ ሰዓት ግን ቢሮው ነበር።» ወረቀቱን ወደ ወንድምየው ገፋች። «የአምስት ሰዓቱ ቆጠራ በሳጥን ነው የተያዘው። አራት ነጥብ፣ አራት ጎን፣ ሁለት መስቀለኛ መስመር፤ ዐሥር ወፍ። ግድግዳው ላይ ያለው የዛሬ ሰባት ዓመቱ ወረቀትም ልክ እንደዚሁ ነው። ከግርጌው የእርስዎ ስም አለበት።»

«ወጥቼ ነበር» አሉ ወንድምየው። «‹ና፣ እንደ ድሮው አንተ ወፎቹን ጥራልኝ፣ እኔ ልጫን› አለኝ። ይቅር ማለቱ ነው ብዬ እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። ሻንጣዬን ላመጣ ስነሣ ቆሞ አቀፈኝ። ፀሐዩ እንዳያቃጥለው ወንበሩን ከኋላው አስጠጋሁለት፤ እዚያው ተቀመጠ። ስመለስ ሰው ከቦታል። በታረቅን ቀን ሞተ ብል ማን ያምነኛል?»

«ስትተቃቀፉ ዞረዋል» አለች መርማሪዋ በዝግታ። «ፊታቸው አሁንም ወደ ሐይቁ፣ ወንበሩም በድሮ ቦታው መስሏቸዋል።»

«ልጄ፣» አሉ አጎትየው፣ «ዓይኑ መጥፋቱን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አስምሎኝ ነበር፣ አጎቴ። ‹ከሰማ አዝኖልኝ ይመለሳል፤ አዝኖልኝ እንዲመጣ አልፈልግም› ብሎ።»

ኃላፊው ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያገላብጥ ነበር።

«አንድ ያልፈታሁት ነገር አለ» አለች መርማሪዋ። «ሳጥኖቹ ሃያ አንድ፣ ትርፉ አራት ነጥብ ነው፤ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት። መቁጠሪያው ግን ሁለት መቶ ዐሥራ አምስት ይላል።»

«እንዳቀፈኝ ነው የተጫነው» አሉ ወንድምየው። «ጆሮዬ ሥር ጠቅ አለ። ‹ደግሞ ምን አየህ?› አልኩት። ‹አንድ ተመለሰ› አለኝ። ቀልዱን ነው ብዬ ሳቅሁ።»

ልጅቷ እስክሪብቶውን አንሥታ ሰጠቻቸው። አጎትየው የሰዓቱን ድምር ጻፉ፤ 215። ያልታየ ወፍ አይመዘገብም እያለ ሁሌ የሚከራከረው ኃላፊ ዛሬ ወረቀቱን እንዳይንሸራተት ያዘላቸው።

ድምር ከተጻፈ በኋላ መቁጠሪያው ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ይህን ደንብ ያወጡት አባቷ ናቸው። ልጅቷ አውራ ጣቷን መመለሻው ላይ አሳረፈች። አላዞረችውም።