ሁሉም አምስት የሰጡት መምህር

መጠይቁን ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረችው። ሃያ ሦስት ተማሪ፣ አሥር ጥያቄ፤ መልሱ ሁሉ አምስት ከአምስት።

በሥነ ጥበብ ማኅበሩ ውስጥ ገምጋሚዋ እሷ ናት። ዓርብ ቦርዱ ይሰበሰባል፤ የሥዕል ክፍሉ ይቀጥል ወይም ይዘጋ የሚለው በእሷ ሪፖርት ነው። ይህን ደግሞ ማን ያምናል?

«መጠይቁን ማን አስሞላው?» አለችው መምህሩን፣ ሠዓሊውን።

«እኔ ነኛ።»

«ሲሞሉ የት ነበርክ?»

«አጠገባቸው። እስክሪብቶ ቢያልቅባቸው ብዬ…»

«አናታቸው ላይ ቆመህ ማን ደፍሮ ሦስት ይሰጥሃል?»

«ቢወዱኝስ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ እሷም ስለ እሱ ብትጠየቅ ከአምስት ሌላ ቁጥር አታውቅም ነበር። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም።

በማግስቱ እሱን ውጭ አስቀርታ ለተማሪዎቹ ስም የማይጻፍበት ወረቀት አደለች። ጥያቄው አንድ ነው፤ ምን ይስተካከል?

ከተማሪዎቹ አንዷ የሆኑት ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ቀና አሉ። «ልጄ፣ ልታባርሩት ነው?»

«ክፍሉን የሚያስዘጋው ዝምታችሁ ነው፣ እማማ።»

አሥራ ዘጠኙ አንድ ዓይነት ነገር ጻፉ፤ ብሩሹን ከእጃችን እየነጠቀ ሥዕላችንን ራሱ ይጨርሰዋል።

ልትደብቅለት ትችል ነበር። ወስዳ ሰጠችው።

«እኔ እኮ ላግዛቸው ብዬ ነው» አለ፤ ከዚያ በኋላ አላናገራትም። ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። እሷም «ጎሽ፣ በገዛ እጅሽ» እያለች፣ ራሷን እየረገመች፣ ቅሬታውን አንድም ሳታስቀር ሪፖርቱ ላይ ጻፈችው። እንዲያም ሆኖ አንድም ተማሪ ትምህርቱን እንዳላቋረጠ ጨመረችበት።

ቦርዱ፣ ጉድለቱ የታወቀ ክፍል ይታረማል ብሎ አንድ ዓመት ፈቀደ።

ልትነግረው ስትሄድ በሩ ገርበብ ብሏል። እጆቹን ከኋላው ቆልፎ፣ ቤት በመሣል ላይ ያሉት ልብስ ሰፊ አጠገብ ቆሟል፤ ላብ አጥምቆታል።

«እማማ፣ ጣሪያው…»

«ምን ሆነ ጣሪያው?»

ዋጠው። «ምንም። ቤቱ የእርስዎ ነው።»

ሲያያት ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

«ፈቀዱ» አለችው።

«ሰማሁ። አስኮርፈሽኝ አዳንሽኝ።» ወለሉን አየ። «ተቀይሜሽ አልነበረም። አፍሬ ነው። ሌላ ሰው ቢያውቅብኝ ግድ አይሰጠኝም ነበር።»

ከውስጥ የብሩሽ ድምፅ ይሰማል።

«ይሄ እጄ ግን አስቸግሮኛል» አለ። «የት እንደማደርገው ጨነቀኝ።»

«ወዲህ በለው» አለችና የራሷን ዘረጋችለት።