ሐሩንን የተከተለችው ፀሐይ

«የት ደረሰ?» አሉ አባቷ፣ ኢምፔሪያል ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው አልንቀሳቀስ ሲላቸው።

«ባሕሩን ሊጨርስ ነው። ከኛ ይፈጥናል!» አለች ሊና፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል። በካርታው ላይ ትንሿ ቢጫ አውሮፕላን ታላቅ ወንድሟን ሐሩንን ይዛ ከቻይናዋ ጓንዡ ወደ ቦሌ ትበራለች። ለትምህርት ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ሊና በናፍቆቱ ልትሞት ነው። ግን ፉክክር ፉክክር ነው።

ነገሩ የተጀመረው ትናንት በስልክ ነው። «መንገደኛ ባይፆምም ተፈቅዶለታል። የአውሮፕላኑ ምግብ ሲሸትህ አትችልም» ብላ ነካካችው። ሐሩንም አልተኛላትም። «እሺ፣ ነገ ፆሙን ያልጨረሰ እስከ ኢድ የአፍጡር ዕቃ ያጥባል። ሁለታችንም ከጨረስን በየተራ!» ሊና ሳታንገራግር ተስማማች። እሷ ደግሞ ዕቃ ማጠብን የመሰለ ጠላት የላትም። በረመዳን የሳምቡሳው መጥበሻ ብቻውን ክንድ ያዝላል።

«ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር በአሥር ሰዓት» አለች አሁን። «ተኝቶ፣ ፊልም አይቶ መድረስ ነው። ቀላል ነዋ፣ አባዬ!»

አባቷ ሳቁ። «አንቺ ሱሁር ስትበዪ እዚያ ስንት ሰዓት ነበር?»

ሊና በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። ቻይና በአምስት ሰዓት ትቀድመናለች። እሷ ጎህ ሳይቀድ ዓይኗን እያሸች ለሱሁር ስትነሳ፣ እዚያ ረፋድ ሆኖ ሐሩን ሻንጣውን እየጎተተ ነበር። አውሮፕላኑ ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ፀሐይዋም አብራው ትሄዳለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደግሞ እሱ አያፈጥር! የሐሩን ፆም ከሷ በአምስት ሰዓት ይረዝማል።

«ውይ፣ የኔ ወንድም» አለች ሳታስበው።

ቦሌ ሲደርሱ የመኪና ማቆሚያው በተቀባይ ተሞልቷል። አውሮፕላኑ አርፏል፤ ሐሩን ግን ገና አልወጣም። ወዲያው ፀሐይ ጠልቃ ከአንዱ መኪና ሬዲዮ አዛን ተሰማ። ሊና ከአባቷ ጋር ተምር ቀመሰች፣ ሦስት ፍሬ ግን በሶፍት ጠቅልላ ያዘች።

በመጨረሻ ሐሩን ጋሪውን እየገፋ ብቅ አለ። ከንፈሩ ደርቋል፣ ፈገግታው ግን ከሩቅ ይታያል። ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«አፈጠርክ?»

«በምን? ፓስፖርት ሰልፍ ላይ ነበርኩ እኮ!» ተምሩን ከእጇ ተቀብሎ «ቢስሚላህ» አለና ጎረሰ። «ወላሂ፣ ሊንዬ፣ ፀሐይዋ መስኮቴ ላይ ተጣብቃ አልጠልቅ አለችኝ! በቃ፣ እኩል ነን። በየተራ እናጥባለን። ዛሬ እኔ፣ ነገ አንቺ።»

መኪናው ውስጥ ሊና አምስቱን ሰዓት እንደገና በጣቶቿ ቆጠረች። እሺ ብትል ማንም አይወቅሳትም፤ ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው። አባቷ በመስታወቱ አይተዋት መኪናውን አስነሱ።

ቤት ሲደርሱ እናታቸው ሐሩንን እየሳመች አለቀሰች፣ እያለቀሰች ሾርባ ቀዳችለት። ሳምቡሳው አለቀ፣ ሳቁ አላልቅ አለ። በኋላ ሐሩን ሳህኖቹን ደራርቦ ወደ ኩሽና ሲገባ፣ ሊና እጅጌዋን ሰብስባ ቀድማው ቆማለች።

«ዛሬ የኔ ተራ አይደል እንዴ?»

«የኔ ነው።»

«ነገስ?»

«የነገውም።»

«ቆይ፣ እስከ ኢድ?» ሐሩን ግራ ተጋብቶ ሳቀ። «ምን ሆነሻል አንቺ?»

ሊና ሳህኖቹን ከእጁ ወሰደች።

«ጓንዡ በጣም ሩቅ ነው» አለችና ቧንቧውን ከፈተችው።