ቲሪዮን መልስ ያላቀበለችበት እሑድ

ቲሪዮን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤቷ በዌልስ፣ ናንት ሄሊግ በሚባለው ሸለቋችን ውስጥ ነው፤ ከጸሎት ቤቱ ቁልቁል ወርዳችሁ ወንዙ ጋ ስትደርሱ ሰማያዊ በር ያለው ቤት የእነሱ ነው። አባቷ አውቶቡስ ይነዳል። እናቷ ሾኔድ አረጋውያን ትንከባከባለች። ማክሰን የሚባል ታላቅ ወንድምም አላት። እሱ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

ቲሪዮን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ በቃሏ መያዝ ትችልበታለች። እኛ ዘንድ ልጅ ገና አፉን ሲፈታ ጀምሮ እሑድ እሑድ ጉባኤው ፊት ቆሞ ጥቅስ እንደሚል ታውቃላችሁ። ቲሪዮን ግን የምትይዘው የራሷን ብቻ አይደለም። የወንድሟንም፣ አጠገቧ የቆመውን ልጅም ትይዝለታለች። አንዱ መሃል ላይ ሲጠፋበት፣ ከንፈሯን ብዙም ሳታንቀሳቅስ ቀስ ብላ ታቀብለዋለች። ልጁም ይቀጥላል። እናቶች ፈገግ ይላሉ። በዚህ የተቆጣት ሰው የለም።

ማክሰን ደግሞ ራግቢ፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው እየሮጡ የሚጋፉበትን ጨዋታ፣ ይጫወታል። በመንደራችን የልጆች ቡድን ውስጥ ኳሱን ከምሰሶዎቹ መሃል የሚለጋው እሱ ነው። አሠልጣኙ ጋሽ ዲልዊን ነው። ዳቦ በመኪና እየዞረ ስለሚያከፋፍል ሁሉም ዲልዊን ዳቦ ይለዋል፤ ሌሎች ዲልዊኖችም ስላሉ እንዳይምታቱ ነው።

ጋሽ ዲልዊን አንድ ደንብ ነበረው። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ካለ ጨዋታውን ያስቆምና ይጠይቀዋል። «የት ነው ያለነው? ከማን ጋር ነው የምንጫወተው? መጨረሻ ያገባው ማን ነው?» የመለሰ ይጫወታል። ያልመለሰ ይወጣል። ይህን ያደረገው ለልጆቹ አስቦ ነው። ነገር ግን የእኛ ልጆች በቃል መያዝ የለመዱ ናቸው። ጥያቄዎቹን እንደ ጥቅስ አጠኗቸው። ወደ ጨዋታ ሲሄዱ አውቶቡስ ውስጥ እርስ በርስ እየተጠያየቁ ይለማመዱ ነበር።

ከብሪንሞር መንደር ጋር የሚደረገው የዋንጫ ግጥሚያ አንድ ሳምንት ቀረው። ያ ዋንጫ ወደ እኛ ከመጣ ዘመን ሆኖታል። የማክሰን አባት ልጅ ሳለ ነው መጨረሻ የመጣው። እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ ልጆቻችን ለመለማመድ ያህል ከትሬግላስ መንደር ልጆች ጋር ይጫወቱ ነበር። ካፊያ ነበር። ቲሪዮን ከሜዳው ዳር ውሃ ይዛ ቆማለች።

ማክሰን አንዱን ልጅ ይዞ ለመጣል ጎንበስ አለ። የልጁ ጉልበት ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ። ማክሰን ወደቀ። ወዲያው ግን ተነሣ። ደም የለም፣ ልቅሶ የለም። ሄዶ የቆመው ግን ከትሬግላስ ልጆች መሃል ነበር።

«አንተ፣ ቡድን ቀየርክ እንዴ?» ብሎ አንዱ ሳቀበት።

ጋሽ ዲልዊን እየሮጠ መጣ። ቲሪዮንም ውሃዋን ይዛ ተከተለችው።

«የኔ ጌታ፣ የት ነው ያለነው?»

ማክሰን ዙሪያውን ቃኘ። ቲሪዮን ጠርሙሱን ወደ አፉ አስጠጋችለት። «ሜዳችን» አለችው በሹክሹክታ።

«ሜዳችን» አለ ማክሰን።

«ከማን ጋር ነው የምንጫወተው?»

«ትሬግላስ» አለች ቲሪዮን ቀስ ብላ።

«ትሬግላስ።»

«መጨረሻ ያገባውስ?»

«ጌቲን» አለችው፣ የቡድናቸውን ልጅ ስም።

«ጌቲን» አለ ማክሰን።

ጋሽ ዲልዊን ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። «ይሄ ጭንቅላት ሳይሆን ጥርብ ድንጋይ ነው» ብሎ ወደ ጨዋታው መለሰው።

ቲሪዮን ደስ አላት። ወንድሟን የረዳችው መስሏታል። እናንተም ብትሆኑ ይመስላችሁ ነበር።

ቤት ሲደርሱ ማክሰን ሾርባውን አልነካም። መጋረጃው ይዘጋልኝ አለ።

«ራስህን ያምሃል?» አለችው ቲሪዮን።

«ትንሽ።»

«ለእማዬ እንንገራታ።»

«አብደሻል? ከነገርሻት ቅዳሜ ከብሪንሞር ጋር አልጫወትም። አልናገርም በይ።»

«አልናገርም።»

«ማይልኝ።»

ቲሪዮን ማለችለት። ከዚያ ማክሰን «ስንት ለስንት ወጣን?» ብሎ ጠየቃት። ነገረችው። ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ጠየቃት። እየቀለደ መስሏት ሳቀች። ጫማዋን አውልቃ ሳትጨርስ ደግሞ ጠየቃት። ያኔ አልሳቀችም።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ወደ ፊት ወጥተው ተሰለፉ። ተራው የማክሰን ሆነ። እሱ በዚያ ቀን የመረጠው ከሁሉም አጭሩን ጥቅስ ነበር፤ ሦስት ቃል ብቻ ናት፦ «እግዚአብሔር ፍቅር ነው»። እኛ ጋ ልጅ ምንም ሳያጠና ሲመጣ የሚላት እሷን ነው። የእኔ ትንሿ ልጅ እንኳ ከ«እማማ» ቀጥላ የያዘችው እሷን ነው።

ማክሰን አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ጉባኤው ጠበቀው። ከኋላ አንድ ሽማግሌ አሳላቸው። ማክሰን ቀስ ብሎ ወደ እህቱ ዞረ። ዓይኑ «ስጪኝ» ይላል።

ቃላቱ ቲሪዮን አፍ ውስጥ ናቸው። መንሾካሾክ ብቻ ነው የቀራት። ማንም አያውቅም። ቅዳሜም ወንድሟ ይጫወታል። ዋንጫውም ይመጣል። ግን እንዲህ ብላ አሰበች፦ ትናንት እኔ ሰጠሁት። ዛሬም እኔ ልሰጠው ነው። ቅዳሜ ሌላ ጉልበት ቢያገኘው ማን ይሰጠዋል?

«አላቀብለውም» አለች። ድምፅዋ ቤቱን ሞላው።

እናቷ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ቲሪዮን፣ ምን ማለትሽ ነው?»

«ትናንት ጭንቅላቱን ተመቷል፣ እማዬ። የጋሽ ዲልዊንን ጥያቄ የመለስኩት እኔ ነኝ። እሱ አልመለሰም። ስንት ለስንት እንደወጣን ደጋግሞ ይጠይቀኛል። ላልናገር ምዬ ነበር።»

ጋሽ ዲልዊን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፊቱ እንደ ዱቄት ነጣ። የማክሰን አባት መኪናውን ሊያመጣ ሮጠ። ማክሰን ሲወጣ በእህቱ አጠገብ አለፈና «ከዳተኛ» አላት።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ ዓይኑን አየችው፣ አስቆመችው፣ አራመደችው። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «አንጎሉ ተናውጧል። አጥንት ሳይሰበር፣ ደም ሳይፈስ፣ ልጁ ራሱን ሳይስትም ይህ ይሆናል። ዕረፍት ካገኘ ይድናል። ሳይድን ሌላ ምት ካገኘው ግን ልናጣው እንችላለን።»

ሾኔድ የልጇን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ቅዳሜስ?» አለ ማክሰን።

«ቅዳሜ ካፖርትህን ለብሰህ ከዳር ታያለህ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ታርፋለህ። ሩጫና ትግል የሚፈቀድልህን ቀን እኔ እነግርሃለሁ። ከእኔ ጋር አትጨቃጨቅ፤ እኔ የብሪንሞር ልጅ ነኝ።»

ሰኞ ዕለት ትምህርት ቤት ውስጥ ለቲሪዮን ከበዳት። ጌቲን ገና ከበሩ ሲያያት «ወሬኛዋ መጣች፣ አፋችሁን ዝጉ» አለ። ሌላው ቀጠለለት፤ «ዋንጫውን በወረቀት ጠቅልላ ለብሪንሞር ሰጠቻቸው እኮ።» ልጅቷ ኮት የሚሰቀልበት ክፍል ገብታ አለቀሰች። እውነት መናገር አንዳንዴ እንዲህ ያስለቅሳል፣ ልጆች። ግን የተናገረችውን አልካደችም። «ተሳስቼ ነው» ብላም አላስተባበለችም።

ረቡዕ ማታ ማክሰን ከክፍሉ ጠራት። መብራቱ ጠፍቶ ነበር።

«ነይ ተቀመጪ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት። «ቅዳሜ ዘንቦ ነበር?»

«ካፊያ ነበር።»

«አላስታውስም። ጨዋታውን በሙሉ አላስታውሰውም። ያ ቀን ከእኔ ላይ ተቆርጦ የወደቀ ይመስለኛል።» ብርድ ልብሱን ሳበ። «ፈራሁ፣ ቲሪ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

እሷም «እኔም መልሱን በማቀበሌ ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው። እናታቸው በር ላይ ቆማ ሰማች፤ ቀስ ብላ ተመለሰች።

በማግስቱ ጋሽ ዲልዊን ልጆቹንና ወላጆቹን ሰበሰበ። ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክር ነበር። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ልጅ መልሱን የሚያጠናው ጥያቄ ልጅን አያድንም። ከዛሬ ጀምሮ ጥያቄ የለም። ጭንቅላቱን የተመታ ይወጣል፤ ሐኪም ሳያየው ወደ ሜዳ አይመለስም። ጓደኛው ሲመታ ያየም ይነግረኛል። ይህ ወሬኛነት አይደለም። እኔ ያላየሁትን ቲሪዮን አይታልኛለች።»

ጌቲን ጫማውን ያይ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ከመንደራችን ቤት የቀረ ሰው አልነበረም። ማክሰን ካፖርቱን ለብሶ ከሜዳው ዳር አግዳሚ ላይ ከቲሪዮን አጠገብ ተቀመጠ። በእሱ ፋንታ ኳሱን የሚለጋው ጌቲን ሆነ። ብሪንሞሮች በሁለት ነጥብ ይመሩ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ለእኛ ምት ተሰጠን። ልክ ከምሰሶዎቹ ፊት ለፊት ነው። ከገባ ሦስት ነጥብ ይሆናል፤ ዋንጫውም የእኛ ነው። ጌቲን ደግሞ ያንን አይስትም።

ጌቲን ኳሱን ይዞ ቆመ። ቆየ። የብሪንሞር ሰዎች «ምነው፣ ሻይ ይምጣልህ?» ብለው ተረቡት። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሲወድቅ ጭንቅላቱ መሬት መትቶ ነበር። ልጆቹ የተደራረቡበት ክምር ውስጥ ስለነበረ አንድም ሰው አላየውም። እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ኳሱን መሬት ላይ አስቀመጠው። እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ ጭንቅላቴን ተመትቻለሁ። ያዞረኛል።»

ጋሽ ዲልዊን ሮጦ ደረሰ፤ አንድም ነገር አልጠየቀውም። አቅፎ አወጣው። ያን ጊዜ አንዲት የብሪንሞር ሴት ማጨብጨብ ጀመረች። ከዚያ ባሏ፣ ከዚያ ጎረቤቷ፣ ከዚያ የሁለቱ መንደር ሰው በሙሉ ቆሞ አጨበጨበ። ጌቲን መጥቶ ቲሪዮንን «ጠጋ በይልኝ» አላትና ከአጠገቧ ተቀመጠ። እናቱም ወዲያው ሐኪም ቤት ልትወስደው መጣች።

ምቱን ካሮን የምትባል የቡድናችን ትንሽ ልጅ ለጋችው። ሳተች። ዋንጫው ብሪንሞር ሄደ።

የብሪንሞር አሠልጣኝ ዋንጫውን በአንድ እጁ ይዞ ወደ እኛ መጣ። «ዲልዊን፣ ያ ልጅ ከማሸነፍ ይልቅ እጁን አውጥቶ መውጣትን መረጠ፤ ማን ነው እንዲህ ያስተማረው? እኔም ለልጆቼ ይህን ደንብ እፈልገዋለሁ» አለ።

ጋሽ ዲልዊን ከመመለሱ በፊት ማክሰን ተናገረ። የሜዳው ዳር ሰው ሁሉ ሰማው።

«እህቴ ናት» አለ።

በዚያ ቀን ተሸንፈን ሽቅብ ወደ መንደራችን ስንወጣ አንገቱን የደፋ ሰው አላየሁም።

እንግዲህ ልጆች፣ ጭንቅላታችሁን ስትመቱ ወይም ጓደኛችሁ ሲመታ ስታዩ ወዲያው ለትልቅ ሰው ተናገሩ፤ የምንወደውን ሰው ጉዳት መደበቅ መውደድ አይደለምና።