ብርሃን የነካው ጠርሙስ

ዶክተር ሞላልኝ ቅዳሜ ጠዋት ኮምቦልቻ፣ በዕፅዋት ምርምር ጣቢያው ጨለማ ክፍል ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱን የፈረከሰው የቅጠል መውቀጫ ዘነዘና እግሩ ሥር ወድቋል። መጋረጃው ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ዓመቱ 1977 ነበርና ወሎ ሬሳ መቁጠር ታክቶት ነበር፤ ለአንድ ሬሳ ከደሴ ሻምበል መላክ ቅንጦት ይመስል ነበር።

ሻምበል አብዱልወሀብ ብዙ የማይናገር፣ ያየውን የማይረሳ ሰው ነው። መጀመሪያ የሟቹን ረዳት ጣይባን ጠየቃት። እናቷ ሐዋ በአቅራቢያው ባለችው በሐርቡ በረሃብ ከሞቱ ገና ሦስት ሳምንታቸው ነው።

«ክፍሉ ለምን ይጨልማል?»

«ቅጠል ውሃ ሲጠማው የሚሠራው ነገር አለ፤ ሆርሞን ይሉታል። ዶክተር ብቻውን በመሣሪያ ይለካዋል። ድርቅ የሚችለው ማሽላ የሚለየው በዚያ ነው። ጭማቂው ብርሃን ካየ ይበላሻል።»

«አርብ የት ነበርሽ?»

«ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ወደ ሐርቡ ሄድኩ።»

ዘበኛው አባ ሰይድም ስትወጣ አይቷታል።

«እርስዎስ ከበሩ አልተለዩም?»

«ወላሂ፣ ለጁምዓ ብቻ ነው የሄድኩት። ከስድስት እስከ ስምንት። ስወጣ ዶክተር በበሩ ብቅ ብሎ ‹ለእኔም ዱዓ ያድርጉልኝ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከጓድ ደጉ በቀር የገባ የለም፤ ማታ ገብተው ወጡ።»

የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ደጉ ተቆጣ። «ቀኑን ሙሉ ደሴ ስብሰባ ላይ ነበርኩ! ማታ ቢሮዬን አይቼ ነው የወጣሁት።»

ጣቢያው በሙሉ ግን በሆዱ ደጉ ላይ ፈርዶበታል። ሻምበሉ ከሟቹ እጅ አጠገብ የነበረችውን የጭማቂ ጠርሙስ ብርሃን እንዳያያት በካርቦን ወረቀት ጠቅልሎ ለምርመራ አዲስ አበባ ላከ።

በዘጠነኛው ቀን ሦስቱንም ጨለማው ክፍል ውስጥ ሰበሰባቸው። ከአዲስ አበባ በመጣለት የምርመራ ውጤት ወረቀት ላይ ሁለት ጉብታዎች ተሥለዋል።

«ይኸኛው ቅጠሉ የሠራው ነው። ይኸኛው ደግሞ ያው ነገር ፀሐይ ሲለውጠው ነው። ጭማቂው ፀሐይ አይቷል። ማታ ፀሐይ የለም፤ ስለዚህ ጓድ ደጉ አልገደለም።»

ደጉ እፎይ አለ።

«ዶክተር በሕይወት ሳለ መጋረጃውን አያስከፍትም። የከፈተው ገዳዩ ነው፤ በቀን፣ በሩ ሰው አልባ በነበረበት በጁምዓ ሰዓት። ሲወጣ ግን መልሶ ዘጋው። ሰው ገድሎ የሚሸሽ እንግዳ ስለ መጋረጃ ምን ገዶት! የለመደ እጅ ግን ሳያስበው ይዘጋል።»

ሁሉም የጣይባን እጆች አዩ። እሷም አየቻቸው።

«ዘሩ ለሐርቡ ይስማማል በሚለው ወረቀት ላይ የዶክተር ስም አለ» አለች። «እናቴ አምና ዘራችው። ሳይሸት ደረቀ። አርብ ከመንገድ ተመልሼ ‹ስምህ ነው ወይ?› አልኩት። ‹ስሜ ነው፤ ግን…› አለኝ። ግኑን አልጠበቅኩም።»

«መጋረጃውስ?»

«እማዬ ስትሞት ፊቷን አላየሁም። የሱን ልየው ብዬ ነው። አንድ ሰዓት ቁጭ ብዬ አየሁት።»

ሻምበሉ ከኪሱ የሟቹን ማስታወሻ ደብተር አወጣ። ባያነብላት ይሻል ነበር፤ አነበበላት።

«‹ዘሩ ቶሎ ይጠማዋል፤ ለሐርቡ አይላክ። ለጓድ ደጉ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፤ ቁጥሩን ለውጦ በስሜ አወጣው። ለሦስተኛ ጊዜ ለክቼ አዲስ አበባ ራሴ እወስደዋለሁ።› ጠርሙሱ ሦስተኛው ልኬት ነበር። ሁለቱ ጉብታዎች ሲደመሩ ዶክተር የጻፈውን ቁጥር ይሰጣሉ።»

አባ ሰይድ «ያ ረቢ!» ብሎ ጣይባን ደገፋት።

ደጉ እጁን ዘረጋ። «ደብተሩም ወረቀቱም የጣቢያው ንብረት ናቸው፣ ጓድ ሻምበል። የመጡት ነፍሰ ገዳይ ሊይዙ ነው፤ ይዘዋል። ደሴ ያሉ ልጆችዎን አይርሱ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሻምበሉ ሞኝ አልነበረም፤ ለቀቀ። ቀና ብሎ ግን ማንንም አላየም።

ጣይባ በካቴና ታስራ ግቢው ውስጥ ስታልፍ፣ ሠራተኞች የጭነት መኪና ላይ ጆንያ ይጭናሉ። ጆንያው ላይ የተጻፈውን የዘር ቁጥር አወቀችው፤ እናቷ አምና የዘራችው ዘር ነው።

«አባ ሰይድ፣ ይኼ ወዴት ነው?»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ።

«ሐርቡ ነው፣ ልጄ። የዘንድሮው ነው።»